ለቀመር ሳሙና የዓመት ወሬ

እናኑ ጠዋት ከቤት ብቅ ስትል ባሏ ለዶሮ ንግግር ሲያደርግ አገኘችው። ዶሮዋ አንድ እግሯን አንሥታ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ ትሰማዋለች። አየነው ደግሞ ከፊቷ ተንበርክኮ፣ ጭቃው ላይ ባነጠፈው ጆንያ የሳሙና ቁርጥራጭ ደርድሮ፣ አንዱን እያነሣ ሌላውን እያስቀመጠ፣ ያንን ገበያ ሙሉ ሰው የሚያስቆም ድምፁን ለዶሮዋ ያዘነላት ይመስል ዝቅ አድርጎ፣ «አንቺ እናት ሆይ፣ የፋሽጋ ጥቁር አፈር የልጆችሽን ልብስ ቢያበላሽብሽ…» ይላል።

«እሷ ደግሞ ምን ልጅ አላት?» አለችው እናኑ፣ የዝላቢያ ሊጥ የያዘውን ድስት በክንዷ እንደታቀፈች። «እንቁላሏን በየጠዋቱ የምትበላባት አንተ!»

«አታቋርጪኝ። ጥቅምት ላይ ነኝ።»

«እኛስ ገና ጳጉሜን ላይ ነን፤» ብላ ትታው ወጣች።

ጥቅምት ላይ ነኝ ማለቱ ቀልድ አልነበረም። አየነው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከገባ ዓመታት አልፈውታል፤ የመጀመሪያዎቹን ያሳለፈው ሐጂ አብዱልናስር ሳሙና በሚያስቀቅልበት መጋዘን ውስጥ፣ በርሜል ሲያማስል ነበር። የበርሜሉ እንፋሎት ዓይን ያስለቅሳል፣ ደረት ይልጣል፤ ማታ ማታ ሲስል ጎረቤት ሁሉ አብሮ ያድራል። አንድ ቀን ከወዲያኛው በርሜል ያለውን ሰው «እሳቱን ቀንስ!» ብሎ ሲጣራ ሐጂው ከመንገድ ማዶ ሻይ እየጠጣ ሰማውና፣ ይህ ድምፅ በርሜል ሥር መቀበር የለበትም ብሎ፣ ቦክሲ በሚሏት ጭነት መኪና ላይ የድምፅ ማጉያ አስገጥሞ እሱን ጋቢና አስቀመጠው። ከዚያ ወዲህ አየነው ሳሉ ተወው፣ ፊቱ ሞላ፣ ሸሚዙም አንገቱ ላይ መቆለፍ አስቸገረው። «ቀመር ሳሙና፣ ሸማው እንደ ደመና!» እያለ ከሱቅ ሱቅ፣ ከመንደር መንደር ይዞር ጀመር። ችግሩ፣ ያቺኑ አንዲት ቃል መስከረምም ሰኔም፣ ለሐበሻም ለሱዳንም፣ ለሙሽራም ለሬሳ አጣቢም እኩል መጮሁ ነው። ሰው ለመዳት። ልጆቹማ ቦክሲዋ ገና ከጠርዙ ብቅ ስትል «ቀመር ሳሙና፣ አየነው መጣ እንደገና!» እያሉ ከኋላዋ መሮጥ ያዙ። ይህ መጥፎ ነው። የባሰው ደግሞ፣ ስለሺ የሚባል ካሴት የሚያጫውት፣ ፀጉሩን ያጎፈረ ወጣት ሐጂው ዘንድ ሄዶ «እኔ በዘፈን እሸጥልሃለሁ» ማለቱ ነው።

ሐጂ አብዱልናስር ክፉ ሰው አይደለም። አየነውን ጠርቶ ሻይ አስቀዳለትና፣ በዐረብኛ አጠራሩ «ያ አየነው፣ አንድ ወሬ ዓመቱን ሙሉ ሲወራ ማን ይሰማዋል? የገዛ ሚስቴ እንኳ ስታናግረኝ ወሬ ትቀይራለች። ለየወሩ የየራሱ ወሬ ይኑረው። በዚህ ወር ስለምን እናወራለን፣ በሚቀጥለውስ? ዓመቱን በሙሉ አስበህ እሑድ ቀትር ላይ አምጣልኝ። ደግ ከሆነ ማጉያው ያንተ ነው። ካልሆነ ለስለሺ እሰጠዋለሁ፤ አንተም ወላሂ በርሜሉን አታጣም፤» አለው። ያ እሑድ እንግዲህ ዛሬ ነው። አየነውም በቃሉ እንጂ በጽሑፍ ማሰብ ስለማይሆንለት፣ ከመጋዘን የተሰበረ ሳሙና ለቃቅሞ፣ እያንዳንዷን ቁራጭ አንድ ወር ብሎ ሰየማትና ከመስከረም ጀምሮ በጆንያው ላይ አሰለፋቸው።

ግቢያቸው አንድ ክፍል የጭቃ ቤት፣ አንድ የሣር ዳስ እና አንድ የቆርቆሮ በር ነው። ዳሱን እንዳገሩ ሰው ራኩባ ይሉታል። በራኩባው ሥር ካለችው አንገረብ፣ በገመድ ከተጠለፈችው አልጋ ላይ የእናኑ ታናሽ እህት ወርቅውሃ ተቀምጣለች። ወርቅውሃ የመጣችው ባለፈው ሚያዝያ ነው። ከአገር እናታቸውን ይዛ ተነሣች፤ እናትየው ድንበሩን ሳያዩ መንገድ ላይ አረፉ፤ እሷ ከሰው ጋር ሾዋክ ደርሳ፣ ከሾዋክ ደግሞ በማሽላ መኪና ላይ ተጭና ገዳሪፍ፣ የእህቷ በር ላይ ወረደች። ስትወርድ የለበሰችው ቀሚስ ዛሬም ከገላዋ ላይ ነው። ወገቧን የታጠቀችበት መቀነት ከዚያ ቀን ወዲህ አልተፈታም፤ ፀጉሯ ውሃ አልነካውም። ትበላለች፤ ስትጠየቅ «እሺ» ወይም «አይ» ትላለች፤ የቀረውን ቀን በሩን እያየች ትውላለች። ዝናቡ ሁለት ዓመት ጠፍቶ ዘንድሮ ተመልሶ፣ ገዳሪፍ ዙሪያዋን በማሽላ አረንጓዴ ሆና፣ ሰዉ ሁሉ ትንሽ ቀና ባለበት ክረምት እንኳ እሷ እንደዚያው ነበረች።

ሰነፍ ሆና አልነበረም። እነሱ ባደጉበት ቀበሌ ሐዘንተኛ በገዛ እጇ ከሐዘን አትወጣም፤ ነውር ነው፤ ሟቹን ከቤት እንዳባረረች ይቆጠርባታል። ጊዜው ሲደርስ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ እንዶዱን ቀጥቅጦ፣ ውሃውን ተሸክሞ ይመጣና «በቃሽ» ብሎ ራሷን ያጥባታል፣ ልብሷን ያስለውጣታል። ያን ጊዜ እሷም እንቢ እንቢ እያለች፣ እያለቀሰች ትታጠባለች። እህቷ ታጥባት እንዳይባል እናኑ ራሷ የዚያው ሐዘን ባለቤት ናት፤ የሟች ልጅ የሟችን ልጅ ማውጣት አይሆንላትም። እናኑም መርዶውን የሰማች ለት ሦስት ቀን ተቀመጠች፣ የሰፈር ሰው አብሯት ዋለ፣ በአራተኛው ቀን ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ዝላቢያ መጥበስ ጀመረች። ስታለቅስ ያያት የለም። ለምን ቢሏት፣ «ለሁለት ሐዘንተኛ አንድ ክፍል አይበቃም፤ ቦታውን ለእሷ ለቅቄላታለሁ፤» ነው መልሷ። ሁለቱ እህትማማቾች በአንድ መደብ እየተኙ የእናታቸውን ስም አንድም ቀን አብረው አንሥተው አያውቁም።

የሰፈሩ ሰው ደግሞ ምን ይል ነበር? የሳሙናው ጌታ ቤት ያልታጠበች ሴት! ራሒማ፣ ከአጥሩ ወዲያ ያለችው ጎረቤት፣ ይህን ፊት ለፊት ለመናገር ከሚፈሩት አልነበረችም። ወሎ ተወልዳ፣ መተማ አድጋ፣ ገዳሪፍ ያገባች፣ የሁሉንም ሰው ጉዳይ በራሷ አጥር በኩል የምታስተዳድር ሴት ናት። ያን ጠዋትም የአጥሩን አገዳ በጣቷ ከፈት አድርጋ፣

«አያ አየነው፣ ዶሮዋ ገዛችህ?» አለችው።

«ልትገዛ ስታስብ አንቺ አባረርሽብኝ።»

«ለረመዳንስ ምን ወሬ አሰብክልን? ወይስ እኛ አንቆሽሽም?»

አየነው እጁን ኪሱ ከትቶ ሁለት ቁራጭ አወጣ። «ረመዳንና ዐረፋ ኪሴ ናቸው። መሬት ላይ ሳስቀምጣቸው በየዓመቱ እየሸሹ አስቸገሩኝ። ሲመጡ ከኪሴ አወጣቸዋለሁ።»

ራሒማ ሳቀች። ከዚያ በአገዳው ቀዳዳ ወደ ራኩባው አየችና ሳቋን ሰበሰበች። «ለእሷስ?» አለች ድምፅዋን ቀንሳ። አየነው ግን ሚያዝያን ከግንቦት እያቀያየረ ስለነበር ያልሰማ መሰለ።

ቀትር ላይ ወሮቹን በጆንያው ጠቅልሎ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ጭቃውን በባዶ እግሩ እየጠረገ ወደ ሱቅ ወጣ። የገዳሪፍን ጭቃ የረገጠ ያውቀዋል፤ ጥቁር ነው፣ ይይዛል፣ አንድ እግር ሲነቅሉ ሌላውን ያስቀራል። ሰማዩ ጠዋት ላይ ዘንቦ ጨርሶ ጠርቶ ነበር። ሩፋኤል ስለሆነ የሐበሻ ልጆች ዝናቡ ውስጥ ተራቁተው ሲጨፍሩ አርፍደው፣ አሁን ከንፈራቸው ጠቁሮ ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። ከእህል ተራ በኩል ሲያልፍ የማሽላ ዋጋ ጠየቀ፤ ካለፈው ሳምንት በጥቂቱ ወርዷል። ሻጩ የወረደበትን ምክንያት ሲነግረው በእጁ ወደ ሰማይ አሳየው፤ ሁለቱም ደስ አላቸው፣ ማናቸውም ግን ምንም አልገዙም፣ አልሸጡም።

ሐጂ አብዱልናስር ሱቁ ውስጥ፣ እስከ ጣሪያው በተደረደረ የሳሙና ካርቶን መካከል፣ ነጭ ጀላቢያውን ለብሶ ተቀምጧል። ካርቶኖቹም ሳሙናዎቹም ላይ የጨረቃ ሥዕል አለ፤ ቀመር ማለት ያው ጨረቃ አይደል። ሾፌሩ አደም በሩ ላይ ቆሞ ጥርሱን በእንጨት ይፍቃል። አየነው ጆንያውን ዘርግቶ ቁርጥራጮቹን ከደረደረ በኋላ ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ። መስከረም፦ ለመስቀል አዲስ ልብስ መግዛት ላቃተው ሰው አሮጌውን አዲስ ስለማድረግ። ጥቅምት፦ ወደ ፋሽጋ እርሻ ስለሚወርዱ ወጣቶች፣ ስለ ሰሊጡ ቅባት እና እናት ልትሰንቅላቸው ስለሚገባ ነገር። ታኅሣሥ፦ ውሃው ቀዝቅዞ እንኳ አረፋ ስለመስጠቱ። ጥር፦ ስለ ጥምቀት፤ ያኔ ነጭ ያልለበሰ የለምና እድፍ ከሩቅ ይታያል። የካቲት፦ ስለ ሙሽሮች። ሚያዝያ፦ ስለ አቧራው። ሰኔ፦ ስለ ጭቃው። በየመካከሉም ለሱዳኖቹ ሰርግ፣ ለዒዱ፣ ለጁምዓ ልብስ የሚሆነውን እየሰካ፣ ድምፁን ከፍ ዝቅ እያደረገ ሄደ። ሐጂው መጀመሪያ በዓይኑ፣ ቀጥሎ በራሱ፣ ኋላም በጠቅላላ ገላው ይስማማ ጀመር። አደም እንኳ ጥርስ መፋቁን አቆመ።

«ከዊስ!» አለ ሐጂው፤ ግሩም ማለቱ ነው። «ወላሂ ከዊስ። ቆይ ግን፤» ብሎ በጣቱ ከዳር መቁጠር ያዘ። ቆጠረ። ከሌላኛው ዳር ደግሞ ቆጠረ። «ይህች ትንሿ ምንድን ናት?»

«ጳጉሜን ናት።»

«ምንድን ናት?»

«ወር ናት፣ ሐጂ። አምስት ቀን ናት። አንዳንዴ ስድስት ትሆናለች።»

አየነው ስህተቱ የገባው ያኔ ነው። ሐጂው አንድ ዓመት ነው ያዘዘው፤ በሐጂው አገር ደግሞ፣ በፈረንጁም ቢቆጠር በጨረቃም፣ ዓመት ማለት ዐሥራ ሁለት ወር ነው። እሱ ሌሊቱን ሙሉ ሲያወጣ ሲያወርድ ያደረው ያገሩን ዓመት ነበር፤ ከዚህም አንድ ወር ተርፎት አምጥቷል። አደም ከበሩ ላይ፣ «እነዚህ ሰዎች ረሃብ መጣባቸው ሲሉ አዝን ነበር፤ ለካ ወሩ በዝቶባቸው ነው!» ብሎ ሳቀ። ሐጂውም እስኪያስለው ሳቀ። «በዚህች ወር የቤት ኪራይ ይከፈላል?» «አይከፈልም።» «ደመወዝስ?» «እሱም አይከፈልም።» «ታዲያ ምን ይደረግባታል?»

«እንታጠብባታለን፤» አለ አየነው። «ያሮጌውን ዓመት እድፍ የምናራግፍባት ናት። ዛሬ ራሱ ሩፋኤል ነው፤ ዝናቡ ጸበል ነው ተብሎ ልጅ አዋቂው ይታጠብበታል።»

ይህን ባይናገር ይሻለው ነበር። ሐጂው ሳቁን አቁሞ ዓይኑን ጠበብ አደረገ፤ ነጋዴ ነዋ። «ዛሬ በዚህች ወር ውስጥ ነን?» «ነን።» «የመታጠቢያ ወር ናት?» «ናት።» «ታዲያ፣ ያ አየነው፣ ለሐበሻ ሰፈር የላክሁት ሳሙና ሳይነካ ለምን ተመለሰልኝ? ኡም ራኩባ የስደተኞች መጠለያ የላክሁትስ?» አየነው ወለሉን አየ። እውነቱን ከመናገር ሌላ የመጣለት ነገር አልነበረም። «ሐዘን ላይ ናቸው፣ ሐጂ። ዘንድሮ ያልሞተበት የለም። የሞተበት ደግሞ አይታጠብም።»

«እስከ መቼ?»

«ሰው መጥቶ በቃሽ እስኪላት።»

«እንግዲህ አንተ በላቸዋ!» ሐጂው ጭኑን መታ። «የሌለኝን ወር አመጣህልኝ፤ በል በእሷው አሳየኝ። አሁኑኑ ሰፈራችሁ እንሂድ፤ እኔም አብሬህ ተቀምጬ እሰማለሁ። ኸላስ፣ ልቅሶ በቃ፣ በቀመር ታጠቡ በላቸው። ከተሸጠ ማጉያው እስከ ዕለተ ሞትህ ያንተ ነው።» ያልተሸጠ እንደሆነ የሚሆነውን አልተናገረም። የበርሜሉ ሽታ ግን በጓሮ በኩል ይመጣ ነበር፤ አየነው ደረቱ ውስጥ ያ የድሮ ሳል ሲንቀሳቀስ ተሰማው።

በቦክሲዋ ጋቢና ሦስት ሆነው ተጨናንቀው ተቀመጡ፤ አደም ከመሪው፣ ሐጂው ከመስኮቱ፣ አየነው ከመሃል፣ ማይኩን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ። መንገዱ አጭር ነው፤ ያን ቀን ግን ጭቃው ላይ ሲንሸራተቱ ረጅም ሆነለት፤ እሱም ቢረዝም ደስ ባለው ነበር። ቦክሲዋ የምትቆምበት ሜዳ ከገዛ በሩ ፊት ለፊት ነው። «ኸላስ» የሚለውን ቃል በአማርኛ አፉ ውስጥ አገላበጠው፤ በየትኛውም በኩል ቢያዞረው ክፉ ነበር። በማጉያ «ልቅሶ በቃ» ብሎ ሲጮህ፣ ራኩባው ሥር ያለችው ሴት ቃሉ የመጣው ከማን እንደሆነ ድምፁን ታውቀዋለች። እንጀራ ያበላት የእህቷ ባል፣ ለሳሙና ሲል፣ በሕዝብ ፊት፣ እናትሽን እርሺ አላት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በአንድ ግቢ እንዴት ይኖራሉ? ዝም ቢል ደግሞ በርሜሉ አለ። አደም በጎን አይቶት፣ «ላብህን ጥረግ፤ ሳሙና እየሸጥን ነው፤» አለው።

ሜዳው ላይ ቆሙ። ልጆቹ «አየነው መጣ እንደገና!» እያሉ ከበቡ። አየነው ማይኩን አፉ ላይ አድርጎ ነፋበት፤ ማጉያው አምባረቀ፤ ሴቶች በየበራቸው ብቅ አሉ። ሁሉንም ያውቃቸዋል። ከዳር ያለችው አሰፋች ባሏን ቀብራ የመጣች ናት፤ መቀነቷ እንደ ወርቅውሃ ነው። ከእሷ ቀጥሎ ቱርካ አለች፤ ሁለት ወንድሞቿ ሞተውባታል። ከእሷ ቀጥሎ ስሟን የማያውቃት አዲስ መጪ፣ ያው ጥቁር ሻሽ፣ ያው እድፍ። አንዱ በር ከሌላው በር ይተያያል። አየነው በየበሩ ሲያይ አንድ ነገር ታየው፤ ብልህ ሆኖ ሳይሆን ፊት ለፊቱ ስለቆመ ነው። እነዚህ ሴቶች ሁሉ ሰው እስኪመጣላቸው እየጠበቁ ነው። የሚመጣው ሰው ደግሞ ከማዶው በር ላይ ቆሞ እሱም ሰው ይጠብቃል። በአገራቸው አንድ ቤት ሲያዝን ዐሥር ቤት ደኅና ነበር፤ ደኅናው መጥቶ ያዘነውን ያወጣል። ዘንድሮ ግን ደኅና የሆነ ቤት ስለጠፋ፣ «እኔ ራሴ ሳልወጣ ሰው እንዴት አወጣለሁ» ብሎ ሁሉም ቁጭ ብሏል።

«እናቶች፣ እህቶች፤» አለ። ድምፁ ያቺ የሳሙና ድምፅ አልነበረችም፤ ልጆቹ እንኳ ግራ ገብቷቸው ተያዩ። «ዛሬ ስለ ነጭ ልብስ አላወራም። ዛሬ ለራሳችሁ አንድም ሳሙና እንዳትገዙ። አደም፣ ለራሷ የምትገዛ ካየህ እንዳትሸጥላት።» ሐጂው አማርኛ በገበያው መጠን ይሰማል፤ «እንዳትገዙ» የሚለውን ሲሰማ ከመቀመጫው ተነሥቶ ጣሪያው ላይ ራሱን መታ። አየነው ቀጠለ፤ «እኔ በቃችሁ ለማለት ማን ነኝ? ሳሙና ለፋፊ ነኝ። በቃሽ የሚለው ጎረቤት ነው። ባገራችን እንዶዱን የሚቀጠቅጠው ጎረቤት ነው። እዚህ እንዶድ የለም፤ ጎረቤት ግን አለ። ሁላችንም አዝነናል፤ እናውቃለን። ታዲያ ያዘነ ያዘነን ቢያወጣ ማን ይከሰናል? ዳኛው አገር ቀረ። የማዶዋን በር እዩ። ማን እስኪመጣላት ነው የምትጠብቀው? አሰፋች፣ አንቺ እስክትመጪላት ነው። ቱርካ፣ አንቺን ነው። ለማዶዋ ግዙ፤ ለማዶዋ ውሰዱ። ጨርሻለሁ።»

ማጉያውን ዘጋ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። አንድ አህያ ውሃ የጫነ ጋሪ እየጎተተ ጭቃውን እያንቦጫረቀ አለፈ። ሐጂው ራሱን እያሻሸ፣ «አትግዙ አልካቸው? አትግዙ? ስለሺ እንኳ አትግዙ ብሎ አይዘፍንም!» እያለ ነበር። አየነው ግን የገዛ በሩን ነበር የሚያየው፤ የቆርቆሮው በር ገርበብ ብሎ፣ ከውስጡ የአንገረቧ እግር ይታያል።

መጀመሪያ የወጣችው ራሒማ ናት። እሷ ሐዘን የለባትም፤ ቢኖርባትም የእሷ ወግ ሌላ ነው። ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ፣ ጭቃውን እየዘለለች መጥታ፣ «አንድ ስጠኝ፤» አለችው አደምን። አደም ሲሰጣት ጨረቃዋን አገላብጣ አይታ፣ ዋጋው በዛ፣ ጎኑ ተሰብሯል፣ ሚዛኑ ጎድሏል ብላ ተከራክራ፣ በመጨረሻ በተባለው ዋጋ ገዝታ፣ በቀጥታ ወደ አየነው በር ገባች። ይሄኔ አሰፋች ከበሯ ተነሣች። ዝግ ብላ፣ ማንንም ሳታይ መጥታ፣ አንድ ገዝታ፣ ወደ ቱርካ ሄደች። ቱርካ ሳሙናውን ስታይ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ «እንቢ፣ እንቢ፣ እቴ፣ ገና ነኝ፤» ትላለች፤ አሰፋችም «በቃሽ፣ እኔም ገና ነኝ፤» ትላታለች። ከዚያ በኋላ ማን ለማን እንደገዛ አደምም ሊከታተለው አልቻለም። ሴቱ ሁሉ በሜዳው ላይ ተመሰቃቀለ፤ አንዷ ሳሙና ይዛ ወደ ማዶ ስትሄድ የማዶዋ ወደ እሷ ስትመጣ መንገድ ላይ ይጋጠማሉ፤ ተቃቅፈው ያለቅሳሉ፤ ከዚያ ተለያይተው ይስቃሉ፤ ከዚያ «ነይ አንቺ ቅደሚ» «የለም አንቺ» ብለው ይጣላሉ። የተጫነው ካርቶን አለቀ።

ሐጂው ባዶውን የቦክሲ ጀርባ አየ፤ ሴቶቹን አየ፤ የሚስቅም የሚያዝንም መስሎ ጢሙን ዳሰሰ። «እናቴ ስትሞት፤» አለ በመጨረሻ፣ «ወላሂ ሱቄን የከፈተልኝ ጎረቤቴ ነው። እኔ ቁልፉን መያዝ አልቻልኩም ነበር።» ከዚያ ነጋዴነቱ ተመለሰለትና፣ «ይህችን ወሬ በየወሩ ብናደርጋትስ?» አለ።

«አይሆንም፣ ሐጂ። ሐዘን የሳሙና ደንበኛ አይደለም። ዛሬ አልኳት፣ አለቀች።»

«እሺ። እንግዲያ ለሌለኝ ወር ትሁን፤» አለና የአየነውን ጉልበት መታ። «ማይኩን ቤትህ ይዘኸው እደር።» አየነው ደስታውን ለመደበቅ ወደ አደም ዞረ፤ አደም ግን «ዞር በል፣ ማርሹን ያዝክብኝ፤» ብቻ አለው።

ወደ ግቢው ሲገባ የጠበቀው ሌላ ነበር። ራሒማ ብቻ አልነበረችም የገባችው። ለወርቅውሃ ሲያዝንላት የከረመ ሰፈር ነው፤ ለሷ ሳሙና ያላመጣ ቤት የለም። አንገረቧ ላይ፣ ከጎኗ፣ ጭኗ ላይ፣ ጨረቃዎቹ ተከምረዋል። እናኑ ከገበያ ተመልሳ፣ የዝላቢያ ድስቷን እንደያዘች መሃል ላይ ቆማ፣ «የሳሙና ቤት ሆነን ሳሙና የሚለመንልን ሆንን! በገንዘባቸው ገዝተው! እናንተ ሰዎች፣ ልታሳብዱኝ ነው?» ትላለች። ሴቶቹ ይስቃሉ። ወርቅውሃ አትስቅም፤ ግን በሩን አታይም ነበር። እጇ ላይ ያለውን ሳሙና ነበር የምታየው።

«በቃሽ፣ እቴ፤» አለቻት ራሒማ፣ ከራሒማ በማይጠበቅ ለስላሳ ድምፅ።

ወርቅውሃ ተነሣች። ሁሉም ወደ ውሃው ማሰሮ ትሄዳለች ብለው መንገድ ለቀቁላት። እሷ ግን ሳሙናውን ይዛ እህቷ ፊት መጥታ ቆመች። ድስቱን ከእናኑ እጅ ተቀብላ መሬት ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ እጇን አንሥታ፣ እናኑ ከሚያዝያ ጀምሮ ጠበቅ አድርጋ ያሰረችውን ሻሽ ከኋላዋ ፈታችው።

«እትዬ፣ ተቀመጪ።»

«እኔን? እኔማ ደኅና ነኝ። ሊጡ ይኮመጥጣል፣ ቆይ ሊጡን…»

«እማማ ያንቺም እናት ነበረች፤» አለች ወርቅውሃ። «እኔ ስቀብራት አልቅሻለሁ። አንቺ አላለቀስሽም። እየጠበቅሁሽ ነበር።»

እናኑ አንገረቧ ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ ዝም ብላ ጉልበቷን ታሽ ነበር፤ ቀጥሎ «እማማ» አለች፣ አንድ ጊዜ፣ ሰው በሩቅ እንደሚጣራ፤ ከዚያ አለቀሰች። አምስት ወር ያቆየችውን በአንድ ጊዜ አለቀሰች፣ በአገሯ ዜማ፣ በሙሉ ድምፅ። ራሒማ ሴቶቹን በክርኗ እየገፋች ከግቢው አስወጣችና በሩን በላያቸው ገጠመችው። ወርቅውሃ የእህቷን ራስ ሆዷ ላይ አስደግፋ ፀጉሯን በጣቷ ትፈታለች፤ የራሷም እንባ በአገጯ በኩል እናኑ አናት ላይ ይንጠባጠባል።

አየነው ማይኩን በብብቱ ይዞ ቆሟል። ዐሥራ ሦስት ወር ሙሉ የሚያወራው ያለው ሰው፣ አንዲት ቃል ፈልጎ አጣ። አንድ ነገር ማለት ያለበት መስሎት አፉን ከፈተ።

«አያ አየነው፣» አለችው ወርቅውሃ ቀና ሳትል፤ ከመጣች ጀምሮ እሷ ቀድማ ስታናግረው ይህ የመጀመሪያዋ ነው። «ወሬውስ ጥሩ ነው። ውሃ ነው ያጠረን።»

ማይኩን አንገረቧ ላይ አስቀምጦ፣ ሁለቱን ጀሪካን አንጠልጥሎ ወጣ። ውሃ ሻጩ ጋሪውን ጥግ ላይ አቁሞ አህያውን ያሳርፋል። አየነውን ሲያየው ሳቅ አለና፣ እንደ ልማዱ የሚያስቀው ነገር እየጠበቀ፣ «ሁለቱንም ልሙላ? ይህን ያህል ውሃ ለምንህ ነው?» አለው።

«ለሚስቴና ለእህቷ፤» አለ አየነው። «ራሳቸውን ሊታጠቡ ነው።»

ጀሪካኖቹ እስኪሞሉ ቆሞ ጠበቀ።